ሳልቀምስ የሠራሁት ወጥ

ሰው ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ጸሎት ይጠጋል፤ እኔ ዳቦ ቤት ከፈትኩ። ከእኔ የባሰ ሞኝ ካለ አምጡልኝ፣ ዳቦ እጋብዘዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ሲለበልበኝ ኖሬ፣ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ ስባል ሌላ እሳት ገዝቼ ቤቴ አስገባሁ። ያውም የኤሌክትሪክ።

ለነገሩ መጀመሪያም ከድስት ጋር ያገናኘኝ ሞኝነት ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሠርግ ነበር። የሙሽራዋን ቬሎ ለማየት በድንኳኑ ጀርባ ሾልኬ ስገባ አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ጆሮዬን ያዘችኝ።

«እጅሽ ባዶ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

ቢላና አንድ ቅርጫት ሽንኩርት ሰጠችኝ። ሙሽራዋ ሳላያት ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ሽንኩርቱን ግን ይኸው እስክጃጅ ድረስ ስልጥ ኖርኩ።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይኼን የምትጽፈው ልጄ ጽጌ ናት። «እማዬ፣ ቀስ በይ» ትለኛለች። ቀስ ብዬ ማውራት ብችል ኖሮ ስንቱ ጣጣ በቀረልኝ!

ያቺ ጆሮዬን የያዘችኝ ሴትዮ እትዬ ደብሪቱ ትባላለች። በጉለሌና በዙሪያው ደህና ድግስ ካለ ወጡን የምትሠራው እሷ ነበረች። ድግስ ቤት ስትገባ ባለቤቶቹን እንኳ ሰላም ሳትል «ውሃው የታለ? እንጨቱስ?» ትላለች። እንጨቱን አንስታ ታሸተዋለች። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ መልሳ ትጥለውና «ወጥ እንድሠራ ነው ወይስ ሰው እንዳስለቅስ የጠራችሁኝ?» ትላለች። ሌላ እንጨት ይመጣል። ማን ደፍሮ ይመልስላታል!

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው የምታቁላላው። «አልቅሶ ይጨርስ፣ ከዚያ ዘይት ይጠጣል» ትላለች። በርበሬ ሲገባ ማንም እንዲያወራ አትፈቅድም። እኔን ዝም ማሰኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ እሷ ግን በዓይኗ ብቻ ዝም ታሰኘኝ ነበር። ለካ ቁሌቱን እያዳመጠች ነው። ውሃ ሲፈልግ ድምፁ ይደርቃል፣ ሲበስል ደግሞ ወፈር ብሎ ቱክ ቱክ ይላል። እኔ ያን ድምፅ ለመለየት ስንት ክረምት ፈጀሁ! እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሽሮ እየነፋች «ብርቄ፣ የዳሩ ጎላ ድስት ሊይዝ ነው» ትለኛለች። ሄጄ ሳየው እውነትም ሊይዝ ነው።

ስታመሰግን «ጎበዝ» አትልም። ማማሰያዋን ትሰጥሻለች፣ በቃ። ለእኔ መጀመሪያ የሰጠችኝ ቀን በሁለት ጣቴ ጫፍ ይዤ ቆምኩ። «ያዢው፣ አይነክስሽም» አለችና ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም፤ ባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨምሬ ነው።

ከኮልፌ እስከ ኮተቤ ያልገባንበት ድንኳን የለም። አንዱ ሀብታም ቤት ባለቤትየው ጎላው አጠገብ ወንበር አስቀምጦ ሥጋው እንዳይጎድል ሲጠብቅ ዋለ። እትዬ ደብሪቱ ሄዳ ማማሰያውን እጁ ላይ አስያዘችው። «ከተቀመጥክ አይቀር አማስለው፣ ጌታዬ» አለችው። ሰውዬው በከረባት ሲያማስል ዋለ። ማታ ላይ ግን «እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር» ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ክፍያውን አትጠይቁኝ። የሰጡሽን ትቀበያለሽ፣ ደግ ቤት ከሆነ ጨጓራና እግር ይጨምሩልሻል።

ሥራው ግን ልብ ያፈርሳል። ልብስ ሰፊ ቢሳሳት ፈትቶ ይሰፋል። ወጥ ሠሪ ስትሳሳት ድንኳን ሙሉ ሰው ጎርሶ እርስ በርሱ ይተያያል። የእኔ ደም ግፊት ከዚያ የመጣ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዓርብ ነው። ለምን ብትሉ፣ የዛሬ ሰው ቅዳሜ ይድራል። ቅዳሜ የሚበላው ዶሮ ደግሞ ዓርብ ነው የሚሠራው። ዓርብ ጾም ነው። ስለዚህ ቅቤውን እናነጥራለን፣ ዶሮውን እንበልታለን፣ እንቁላሉን እንልጣለን፣ ግን መቅመስ የለም። ጠብታ ምላሳችንን አይነካም። ለስንት መቶ ሰው የሚቀርብ ወጥ ሳትቀምሺ መሥራት ማለት ዓይንሽን ጨፍነሽ የእንጦጦን ቁልቁለት መሮጥ ማለት ነው።

እትዬ ደብሪቱ ለዚህም ዘዴ ነበራት። ጠብታ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ታደርግና ወደ ብርሃን ታዘነብለዋለች። ዘይቱ ከበርበሬው ተለይቶ ከፈሰሰ በስሏል። ጨውን ግን ጥፍርም አይናገርም፣ አፍንጫም አይናገርም። ስለዚህ ጨው የሚጨምረው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የእሷ። ከጨመረች በኋላ የጎላው ጆሮ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። ጨርቅ ያለበት ጎላ ጨው ገብቶበታል፣ ማንም እንዳይነካው።

ያም አልበቃትም። ቀማሽ ፈለገች። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልትገዛ ሄዳ አንድ ሸማኔ ዓርብ ቀን ሥጋ ሲበላ አገኘችው። ጋሽ ጦና ይባላል፣ ከደቡብ የመጣ፣ የጌታ ሰው ነው፤ የእኛን ጾም አይጾምም። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞር ነበር። እሷ ጠጋ አለችው።

«አንተ፣ ዓርብ ዓርብ ትበላለህ?»

«እበላለሁ፣ እትዬ።»

«ምላስህ ደህና ነው?»

«ሚስቴን ቢጠይቋት ክፉ ነው ትላለች።»

በዚያው ቀማሻችን ሆኖ ቀረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሸምነው የነበረው ክር ኮቱ ላይ እንደተለጠፈ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ አንድ ማንኪያ ይወስድና ዓይኑን ይጨፍናል። ጣቶቹ ክር የሚቆጥሩ ይመስል ይንቀሳቀሳሉ። እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን ይዘን አፉን እናያለን። «ግማሽ እፍኝ ይቀረዋል» ይላል። ወይም «ይበቃዋል» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ተሳስቶ አያውቅም። እንዲያ ያለ ምላስ ይዞ ዝም ማለቱ ይገርመኛል፤ እኔ ብሆን በሬዲዮ አስነግር ነበር።

አሁን ወደ አስካለ ልጅ ሠርግ ልምጣ። ጽጌ «ግዴታ ነው እንዴ?» እያለችኝ ነው። ግዴታ ነው።

አስካለ ጎረቤቴ ናት፣ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። በእድራችን የሴቶቹ አለቃ እሷ ናት። ያኔ እትዬ ደብሪቱ እግሯ አብጦ ሥራ አቁማ ነበርና ማማሰያው የእኔ ሆኗል። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዶሮውን ጥደን ሳለ ጋሽ ጦና መጣ። እጁን ሲታጠብ አስካለ አየችው።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሊሠራ ነው?»

«ሊቀምስልን ነው፣ አስካልዬ።»

«የልጄን ሠርግ ወጥማ ጴንጤ አይቀምሰውም!»

ፊቱ ላይ ነው ያለችው። እሱ እጁን በኮቱ ጠረገና «መልካም ሠርግ ያድርግልሽ» ብሏት ወጣ። እኔስ? ማማሰያዬን ጥዬ ተከትዬው መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ጭራሽ ደረቴን ነፍቼ «ግድ የለም፣ የእኔ አፍንጫ ይበቃል!» አልኩ።

ጨው ጨመርኩ፣ ጨርቁን ጎላው ጆሮ ላይ አሰርኩ። ወዲያው እንጀራ የጫነ ታክሲ መጣ ተብሎ ወደ በር ተጠራሁ። እኔ በር ላይ ከሾፌሩ ጋር ስከራከር፣ ከገጠር ለሠርጉ የመጣች የአስካለ እህት የሌላ ድስት ክዳን ልታነሳ ብላ ፈጃት። ዞር ስትል ጎላው ላይ የታሰረ ጨርቅ አየች። ፈትታ ወሰደችው፤ እኔ ይኼን የሰማሁት ኋላ ነው። ምን ታውቃለች? የእጅ መያዣ ነው የመሰላት።

እኔ ተመልሼ ሳይ የጎላው ጆሮ ባዶ ነው። «አይ ብርቄ፣ ጨው ረስተሽ!» አልኩና ራሴን ተቆጣሁ። ከዚያ ደገምኩት። በገዛ እጄ። ጥፍሬ ላይ አድርጌ አየሁት፣ ዘይቱ እንዴት ያምራል! አሸተትኩት፣ ሽታው እንዴት ያውዳል! ጨው ሽታ የለውም። ይኼን የማያውቅ የለም፣ እኔም እስከዚያን ቀን አውቀው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቀመስኩት። ምላሴ ተጠቅልሎ ጉሮሮዬ ገባ።

ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ሮጥኩ። ጋሽ ጦና የሽመና ዕቃው ላይ ተቀምጧል። «ና» አልኩት። «ትናንት ያባረራችሁኝ ቤት?» አላለኝም። ኮቱን አንስቶ ተከተለኝ። አንድ ማንኪያ ቀመሰ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ።

«እትዬ ብርቄ፣ መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ።»

ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ለመላጥ ተቀመጠ። ጨው የሌለበት ሌላ ቁሌት ሠርተን ልንቀላቅለው ነው። እንዲህ የሚፈጥን እጅ አይቼ አላውቅም። ግማሹን አዳንነው። ግማሹ ግን ሳይድን አማቾቹ ደርሰው ተቀምጠዋል፣ ለእነሱ የዳነውም ያልዳነውም ቀረበ። ሚዜዎቹ ጠላውን ጨረሱት፣ ከጠላው በኋላ ውሃ፣ ከውሃው በኋላ በረዶ ጠየቁ። የሙሽራው አጎት ቆሞ «የዚህ ቤት ዶሮ ቀይ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ነው እንዴ ያደገው?» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አስካለ ግን አልሳቀችም፤ ከልጇ አጠገብ ቆማ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። አሁን ስስቅበት የምታዩኝ ያኔ ስላለቀስኩ ነው።

በማግስቱ እትዬ ደብሪቱ በከዘራ እየተደገፈች ቤቴ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አለች። ስጨርስ ነገርኳት።

«ጨውማ ማንም ይደግማል፣ እኔም ደግሜያለሁ» አለችኝ። «ሰውዬው ሲወጣ ማማሰያውን ይዘሽ መቅረትሽ ነው ያሳፈረኝ። በይ ተነሺ፤ የሚመጣው ዓርብ ሥራ አለሽ። እሱን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ እሱን ካልፈለጉ አንቺም የለሽም።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። እሷ ካረፈች በኋላም እንደዚያው። አንዳንድ ቤት ማማሰያዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ ልወጣ በር ላይ ስደርስ ተለምኜ የተመለስኩበት ጊዜ አለ።

አስካለ ግን ከዚያ ሠርግ ወዲህ ከእጄ አልበላችም። አልተኳረፍንም እኮ። ስታመም አጥሚት ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ባሌ ሲሞት እንግዳዬን ሁሉ ያስተናገደችው እሷ ናት፤ እንደ እሷ ያለ ጎረቤት የትም የለም። ከእኔ እጅ ግን ውሃም አትቀበልም። ለቅሶ ቤት ሳህን ስዘረጋላት አጠገቤ ካለችው ሴት ትወስዳለች። ይኼ ከስድብ ይብሳል። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር።

ቆይቶ ዘመን ተለወጠ። ሠርጉ ከድንኳን ወጥቶ አዳራሽ ገባ። ኬተሪንግ የሚባል መጣ፤ ነጭ ቆብ የደፉ ልጆች ሽንኩርቱን በማሽን ይፈጩታል። አንድ ቦታ ሄጄ «እማማ፣ እርስዎ ዐረፍ ይበሉ» ብለው ወንበር ሰጡኝ። ወጣቸውን ቀመስኩ፤ ደህና ነው፣ አልዋሽም። ጉልበቴም በቃኝ ብሎኛል። ተመርቄ፣ መርቄ ወጣሁ።

ቤት ዋልኩ። አንድ ዓርብ ሥራ ሲጠፋ ዳቦ ጋገርኩ። ለጉልበቴ መድኃኒት ስለምወስድ የንስሐ አባቴ በጾምም ጠዋት እህል ቅመሺ ብለውኛል። ከዳቦው ጫፍ ቆርሼ ጎረስኩ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዘመን ዓርብ ዓርብ አብስዬ፣ የሠራሁትን ዓርብ ቀን ስቀምስ ያ መጀመሪያዬ ነው። ዱቄት፣ እርሾ፣ ውሃ፣ ጨው፤ ጾም የማይከለክለው። ለካ ቀማሽ ሳልጠራ መሥራት የምችለው ነገር ነበር!

«ጽጌ፣ ዳቦ ቤት ልከፍት ነው» አልኳት።

«እማዬ፣ ትኩሳት አለሽ?»

ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው መንገድ በኩል ያለችውን የፊት ክፍል አፍርሰን ሱቅ አደረግናት። መጀመሪያ የጋገርኩትን በር ማስደገፊያ ማድረግ ይቻል ነበር። እሳትን በጆሮ ለማውቀው ለእኔ ይኼ ምድጃ ምንም አይነግረኝም፤ ዝም ብሎ ይግላል። ቀስ በቀስ ግን ዳቦው እንደሚያወራ ደረስኩበት። ሲበስል ሆዱን መታ ስታደርጊው ባዶ ቤት እንደማንኳኳት ይጮኻል፤ ካልበሰለ ድፍን ይላል። መብራት ሲሄድ ሊጡ ተነፍቶ ይጠብቀኛል፣ እኔም ተነፍቼ መብራቱን እጠብቃለሁ። ከተመለሰ አንዳንዴ እንድናለን፣ አንዳንዴ ጎምዝዞ ለጎረቤት ዶሮ ይሆናል።

ችግሩ ሌላ ነበር። አስካለ ያልገዛችውን የሰፈሩ ሴት አይገዛም። ጠዋት ጠዋት በሱቄ ፊት አልፋ፣ አስፋልቱ ጋ ካለው ዳቦ ቤት ገዝታ፣ ፌስታሏን ይዛ ትመለሳለች። «አስካልዬ፣ ዳቦ እያለ ዳቦ ፍለጋ?» ብዬ እጠራታለሁ። «ደህና አደርሽ ብርቄ» ትልና ታልፋለች። ሴቶቹም ተከትለዋት ያልፋሉ። የሚገዛኝ ጋሽ ጦናና አላፊ አግዳሚ ብቻ ሆነ። ጽጌ «እማዬ፣ እንዲህ ከቀጠለ ወሩን አንዘልቅም» አለችኝ።

ተንኮል አሰብኩ። የማርያም ማኅበር አለን። የኔ ተራ ሲደርስ አስካለ ሁልጊዜ «ራሴን አመመኝ» ብላ ትቀራለች። የዚያ ወር ተረኛ ግን ጓደኛችን ሙሉ ነበረች። ድፎውን እኔ ልጋግርልሽ አልኳት። አባ ባርከው የቆረሱትን ዳቦ ደግሞ ማንም አልበላም አይልም።

«አስካለ ብትጠይቅስ?» አለችኝ ሙሉ።

«ካልጠየቀችሽ አትንገሪያት።»

ጋሽ ጦና ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ሰማን። «አስካለ እኔን አይቀምስም ያለችው እያወቀች፣ ፊት ለፊት ነው» አለኝ። «አንቺ ግን እሷ ሳታውቅ ልታጎርሻት ነው?»

«አንተ ዳቦህን ይዘህ ሂድ!» አልኩት። ግን ሊጡን ሳቦካ ያ ቃል አብሮኝ ዋለ።

ያን ድፎ እንዴት እንደጋገርኩት! ጥቁር አዝሙዱን አሸቼ፣ በኮባ ጠቅልዬ፣ ሆዱን እየመታሁ እያዳመጥኩ። የሙሉ ቤት ሞልቷል፣ አስካለ አባ አጠገብ ተቀምጣለች። ኮባው ሲገለጥ ቤቱ በአንድ አፍ «ኧረ ሲያምር!» አለ። አንዷ «የት ነው የተገዛው?» አለች። ሙሉ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ዝም ልል ቆርጬ ነው የመጣሁት። በማርያም እላችኋለሁ፣ ቆርጬ ነበር። ግን የጦና ቃል ከታች ይገፋል፣ ኩራቴ ከላይ ይጎትታል፣ አፌ ደግሞ መቼ ታዞልኝ ያውቃል!

«እኔ ነኝ የጋገርኩት!» አልኩ። «አስካልዬ፣ እኔ ነኝ። ሳይባረክ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

 አባ ቢላቸውን እንደያዙ አስካለን አዩ። አስካለ ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ዳቦውን አየች። እኔ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ሱቁም፣ ምድጃውም፣ ስንት ዘመን የተጠራራንበት አጥርም በእሷ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ።

«አባ፣ ይባርኩት እንጂ» አለች። «ሰው ርቦታል።»

ባርከው ቆረሱ። የደረሳትን በሁለት እጇ ተቀብላ ቀስ ብላ አላመጠች። ነጠላዋ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ለቅማ ያንንም በላችው።  እኔም እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ጽጌ ይኼን ስትጽፍ «ይኼ እውነት ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆመች፣ ባዶ ፌስታል ይዛ። ከኋላዋ ሦስት አራት ሴቶች።

«ስድስት ስጪኝ» አለች።

ስድስቱን ልቆጥርላት ስል አፌ ተከፈተ። ስለ ዱቄቱ ነገርኳት፣ ስለ እርሾው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለዚያ ስለ ጨርቁ፣ እህቷ ምንም ጥፋት እንደሌለባት፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ዳቦውን ከእጄ ተቀብላ ፌስታሏ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ዳቦሽ ጥሩ ነው፣ ብርቄ። ግን ስትለፈልፊ ምራቅሽ ሊጡ ላይ ይረጫል፤ ሻሹን ከራስሽ አውርደሽ አፍሽ ላይ እሰሪው።»